ዓይነ ደረቅ

በጅማ ከተማ ለዓይን ሕመም መድኃኒት የማያዝ ሰው ካለ አሳዩኝና ግንባሩን ልሳመው። ባጃጅ ነጂው ያዛል። ባለሱቁ ያዛል። ለቅሶ ቤት ከጎንህ የተቀመጠ፣ ስምህን እንኳ የማያውቅ ሰው ዓይንህ መቅላቱን ካየ ያዛል። አንዱ ሎሚ ይልሃል፣ አንዱ የጨው ውሃ፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ጠብታ አውጥቶ በእጅህ ያስጨብጥሃል። እኔ ጠሃ አባመጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አሁንም እየፈላ ነው የምጽፈው። በማን ላይ እንደሚፈላ ግን እስከ መጨረሻው የታገሠ አንባቢ ይረዳዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቴ ወጥቼ መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ ጎረቤቴን ዕንባቆም ላሬቦን አገኘሁት። ዕንባቆም ከሆሳዕና በኩል መጥቶ ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ተዋስነን የኖርን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው የማላውቅ ጨዋ ሰው ነው። ሥራው ቡና መፈልፈል ነው። ጀንፈሉን፣ ማለትም የደረቀውን ቡና፣ ከነልብሱ ሲያመጡለት ገለባውን ከፍሬው እየለየ ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ማሽን ከአጥሬ ማዶ ያለው ነው። በዚያ ጠዋት ጃኬቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ ልጁ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን ውሻ አቅፏል።

ውሻው ፐግ የሚሉት ዝርያ ነው። አፍንጫው ወደ ውስጥ ተደፍጥጦ የገባ፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ ዓይኖቹ ደግሞ ከቤታቸው ለመውጣት የቸኮሉ የሚመስሉ። እኔ ሳገኘው “ዓይን አውጣው መጣ!” እያልኩ እቀልድበት ነበር። እውነተኛ ስሙ ንቁ ነው። ይህን ስም ያገኘው ዓይኑን ሳይከድን ስለሚተኛ ነው፤ ዕንባቆም “እንቅልፍ የማያሸንፈው ዘበኛ” እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየው ነበር።

“አካም ቡልቴ ዕንባቆም፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?” አልኩት።

“ወደ ደዶ ነው ቲቸር። የጸሎት ፕሮግራም አለን። እዚያ ያሉት ወገኖች ንቁን አምጣልን አሉ።”

“ውሻ ለጸሎት?”

“አልሰሙም እንዴ? ሲጸለይ ያለቅሳል እኮ! አርብ አርብ ማሽኔ ያለበት መጋዘን ውስጥ ተሰብስበን ስንጸልይ እንባው በጉንጩ ዱብ ዱብ ይላል። ስንቱ ሰው እሱን አይቶ ልቡ ተሰብሯል። እንስሳው ካለቀሰ እኔ ምን ሆኜ ነው ይላል ሰው።”

ጃኬቱን ገለጥ አደረገልኝ። የንቁን የቀኝ ዓይን አየሁ፤ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ብሌኑ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ገርጥቷል። መሃሉ ላይ ምስር የምታህል ጉድጓድ አለች። የፊቱ እጥፋት ውስጥ እንባው ረግቶ ፀጉሩን አቅልቶታል፤ ይሸታልም። ውሻው ብርሃኑን ፈርቶ ፊቱን መልሶ ብብቱ ሥር ቀበረ።

“አንተ ሰው፣ ይህ ውሻ እየታወረ ነው!” አልኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ።

“ትንሽ አቧራ ገብቶበት ነው። መድኃኒት እያደረግኩለት ነው።”

“ምን መድኃኒት?”

ዕንባቆም አየት አደረገኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። “ለዓይን የሚሆን ነው። ከሰው ያገኘሁት” አለ በዝግታ።

ከሰው ያገኘሁት! ይህቺን ቃል ስሰማ ራሴን ያዘኝ። ከማን እንደሆነ ሳልጠይቅ በአደባባይ ወረድኩበት። “ሎሚ ነው አይደል? ወይስ ጨው? ዕንባቆም፣ አንተ የተከበርክ ሰው ነህ፣ ማሽንህ አንዲት ብሎን ስትላላ ከጅማ ጫፍ ባለሙያ ትጠራለህ። ለዚህ ነፍስ ግን ማንም መሃይም የሰጠህን ታንጠባጥባለህ! ደዶ አትሄድም። ቅደም፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የእንስሳት ሐኪም አለች።”

“ሰዎች እየጠበቁኝ ነው ቲቸር…”

“ይጠብቁ!”

ባጃጅ ነጂው ውሻ አልጭንም ብሎ ትንሽ አንገራገረ። የተረፈኝን ቁጣ ለእሱ ሰጠሁትና ተሳፈርን። ዕንባቆም በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ስለቆጠርኩት ባዶውን በትምህርት ሞላሁት። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ባህላዊ ድፍረታችን። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው አፉን አንዴ ከከፈተ መዝጋቱ ቀላል አይደለም።

ዶክተር ለጢፋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ናት፤ አብዛኛውን ቀን የሚመጣላት ላምና በግ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ጓንቷን ስታጠልቅ ዕንባቆም እንግድነት ተሰማው።

“ይቅርታ ልጄ፣ አንቺ ሙስሊም ሆነሽ ውሻ ትነኪያለሽ?”

“ምራቁ ከነካኝ እታጠባለሁ ጋሼ። ውሃውም ሳሙናውም እዚያ አለ። አሞት እያየሁ ባልነካው ግን ወላሂ ምን ብዬ እንደምጠየቅ አላውቅም። ማሎ፣ እባክዎ ጭንቅላቱን ደገፍ ያድርጉልኝ።”

ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ወረቀት በግራ ዓይኑ የታችኛው ቆብ ውስጥ ሰካችና ሰዓቷን ተመለከተች። እርጥበቱ ወረቀቷን ይዞ ወጣ። ደቂቃዋ ስታልቅ አነበበች፤ “አሥራ ስምንት ሚሊሜትር። የእንባው ብዛት ጤነኛ ነው።”

ዕንባቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። “አየህ? አላልኩም? እንባ ሞልቶታል!” ከደስታው ብዛት እርስዎ ማለቱን ረስቶ አንተ አለኝ፤ ወዲያው ደንግጦ “አዩ ቲቸር?” ብሎ አረመው።

ለጢፋ ቢጫ ቀለም አንዲት ጠብታ አደረገችና መብራቱን አጥፍታ፣ ሰማያዊ ባትሪ አብርታ ቆቡን ከፍቶ እንዲይዝላት ለዕንባቆም አሳየችው። የዓይኑ ገጽ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ በራ። መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ስትል አረንጓዴው መሃል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ፈነዳ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

“ጤነኛ ቢሆን ሃያ ሰከንድ ገደማ ይቆይ ነበር” አለችና ዕንባቆምን ቀና ብላ አየችው። “ዓይነ ደረቅ!”

ዕንባቆም እጁን ከውሻው ላይ አነሳ።

“ማን? እኔ?”

“ኧረ ጋሼ…”

“ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በሰው ቤት ገብቼ አላውቅም፣ የሰው አልቀማሁም። ዛሬ በጠዋት ከቤቴ ደጃፍ ጀምሮ ስሰደብ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጄ የምትሆን ሴት ዓይነ ደረቅ ትለኛለች? በሉ ውሻዬን ስጡኝ!”

“ጋሼ ዕንባቆም፣ በአላህ! ውሻውን ነው፣ የውሻውን ዓይን! ደረቅ ዓይን ነው ማለቴ ነው፣ የበሽታው ስም ነው!”

“እንባው ጃኬቴን አርሶ እያየሽ ደረቅ ትያለሽ?”

በቁጣው መሃል የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። ተማሪዎቼ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ለጢፋ በርጩማ ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

“ተቀመጡ ጋሼ፣ እነግርዎታለሁ። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥር ከዓይኑ ጋር የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለ። ከላይ ስስ ቅባት አለ። ውሃው መሃል ነው ያለው። ቅባቱ ባይኖር ውሃው ቶሎ ይተናል። እጅዎን ታጥበው ሳይቀቡ ፀሐይ ላይ ቢወጡ ምን ይሆናል?”

“ይነጣል። ይሰነጠቃል።”

“ታጥበውት እያለ?”

ዕንባቆም ተቀመጠ።

“ይህን ነገር ዓይን ላይ እኩል የሚያዳርሰው ቆቡ ነው፤ ሲርገበገብ። አሁን የንቁን ይዩት፣ ሲርገበገብ ልብ ብለው ይዩት። ተገናኙ?”

ዕንባቆም ጎንበስ ብሎ አየ። ቆቦቹ ወርደው፣ ወጥተው፣ መሃል ላይ ሳይደራረሱ ተመለሱ። ደግሞ አየ። “አልተገናኙም” አለ።

“ፊቱ እንዲያጥር ተደርጎ ስለተራባ የዓይኑ ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም። ዓይኑ ውጭ ነው ያለው። ቆቡ አይደርስበትም። መሃሉ ሳይዳረስ ይውላል፣ ማታም ገርበብ ብሎ ያድራል።”

“ዘበኛ ነው እኮ እንል ነበር” አለ ዕንባቆም፣ ለራሱ።

“ዘበኛ አይደለም ጋሼ። መክደን አቅቶት ነው።”

“እሺ፣ እንባውስ ለምን በጉንጩ ይወርዳል?”

“ወደ አፍንጫ የሚያስወርደው ቧንቧ በዚህ አፍንጫ ውስጥ ተጣሟል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ይፈሳል። እጥፋቱ ላይ ያለው ፀጉርም ቀን ከሌት ዓይኑን ይፈትገዋል።”

“አርብ አርብስ?” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን ሲጠይቅ አሳዘነኝ፤ ግን ቁጣዬ ከሐዘኔ ቀደመ።

“እኔ ልንገርህ!” አልኩ። “አርብ ስንት ሰዓት ነው ማሽኑን የምታቆመው? አሥራ አንድ! ጸሎቱ የሚጀመረውስ? አሥራ አንድ ተኩል! የገለባው ብናኝ ገና አየሩ ላይ እያለ በሩን ዘግታችሁ ትሰበሰባላችሁ። ሰዎቹ ራሳቸው ይስሉ የለ? እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርገህ ትይዘዋለህ። ሊከድነው በማይችለው ዓይን ላይ ብናኝ ሲዘንብበት ምን ያድርግ? ይዘምር?”

“ቲቸር፣ ቀስ ይበሉ” አለች ለጢፋ።

“ቀስ አልልም! እንስሳ በሕመም ሲያለቅስ ሃሌ ሉያ ሲባል…”

“በእምነቴ አይምጡብኝ” አለ ዕንባቆም። አልጮኸም። “ሰው እሱን አይቶ ንስሐ ከገባ ንስሐው የሰውየው ነው፣ የውሻው አይደለም። ንስሐው አይፈርስም። ስለ እንባው ግን ልጅቷ ያለችው ገብቶኛል። አሞት ሳለ ምልክት ነው ብያለሁ። ይህን ስህተት እኔው አርማለሁ።”

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰውየው ከእኔ የተሻለ መለሰ። ግን ዝም አላልኩም።

ለጢፋ ወደ ቀኝ ዓይኑ ዞረች። ቢጫዋን ጠብታ ስታደርግ ጉድጓዷ በደማቁ አረንጓዴ ሆና ታየች። ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ስትናገር ድምጿ ተለውጧል።

“ይህ ከአቧራ ብቻ አይደለም። ጠርዙ ቀልጧል። በዚህ ከቀጠለ ከሁለት ቀን በኋላ ዓይኑ ይፈነዳል። ጋሼ፣ ምን ያደርጉለት ነበር?”

“ጠብታ።”

“የምን ጠብታ?”

“እንዲሁ… ለዓይን።”

“ስሙን ነው የምጠይቅዎት። መድኃኒቱን ካላወቅሁ ላድነው አልችልም።”

“ረሳሁት።”

እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። “አየሽ? አየሽ ለጢፋ? እንዲህ ነው ሕዝባችን! ይደብቃል! የሰጠውን መሃይም እንዳይነኩበት ይደብቃል! ዕንባቆም፣ ንገራት። ያ ሰው ወንጀለኛ ነው። ሐኪም ሳይሆን የሚያዝ ሰው፣ እንዲያውም ዓይነ ደረቅ የሚባለው እሱ ነው። ስሙን ተናገርና እኔ ራሴ ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ!”

ዕንባቆም ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ለጢፋን አየ። ከዚያ ውሻውን። ውሻው በማይከደነው ዓይኑ ያየዋል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ትንሽ ነጭ ጠርሙስ አውጥቶ፣ ጽሑፉ ያለበትን ጎን በመዳፉ ሸፍኖ ለእሷ ብቻ አቀበላት።

ለጢፋ አነበበች። አንገቷን ሰበረች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ።

ፋርማሲው በእስክሪብቶ የጻፈበት ወረቀት አልተላጠም። “ጠሃ አባመጫ። በቀን አራት ጊዜ፣ ቀኝ ዓይን” ይላል።

ትዝ አለኝ። ሁሉም ትዝ አለኝ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ በኋላ የተረፈች ጠብታ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕንባቆም በአጥሩ በኩል “ቲቸር፣ ንቁ ዓይኑን እያሻሸ ነው” ሲለኝ ጋዜጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ “እንካ፣ ይቺን አድርግለት፣ ለእኔ ተዓምር ሠርታለች” ብዬ ወርውሬለታለሁ። ወርውሬ ረሳሁት።

“ይህ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው ቲቸር” አለች ለጢፋ። “ለእርስዎ ትክክል ነበር፣ ሐኪም እያየዎት ስለሆነ። ቁስል ላይ ሲደረግ ግን ቁስሉ እንዳይድን ይይዘዋል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ የነበረ ይመስለኛል።”

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት ዕንባቆምን። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

“መንገድ ላይ ሰው ነበረ” አለ። “ባጃጁ ውስጥ ነጂው ነበረ። እዚህ ደግሞ ተማሪዎ ነች። ቲቸር እያልኩ ሃያ ዓመት የጠራሁዎትን ሰው እንዴት አድርጌ…? በጎ አስበው ነው የሰጡኝ። አንድ ውሻ ነው አልኩ። ግን ሲያየኝ ጊዜ አልቻልኩም።”

አንባቢ ሆይ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተቆጣሁት ቁጣ ሁሉ፣ መሃይም ያልኩት፣ ወንጀለኛ ያልኩት፣ ሁሉም አድራሻውን አግኝቶ ተመለሰ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሰውን ሳስተምር ሰውየው በጃኬቱ ኪስ ውስጥ የእኔን ስም ይዞ ክብሬን ይጠብቅልኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። በዚያች ሰዓት ለጢፋ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን ሥራ ላይ ነበረች።

“አሁን ማልቀሻ ጊዜ የለንም” አለች። “ቁስሉ እስኪድን ቆቡን እሰፋዋለሁ። እሱ መክደን ካልቻለ እኛ እንከድንለታለን። በዚያው የሁለቱንም ዓይን ውስጠኛ ጥግ በስፌት በትንሹ አጠብበዋለሁ፣ ለወደፊቱ እንዲገናኝለት። ግን ቤት ሲመለስ የሚሠራው የእናንተ ነው። ማሽኑ ያለበት ግቢ አይውልም። እጥፋቱ በየቀኑ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። ማለስለሻ ጠብታ ዕድሜ ልኩን ነው። ዓይኑን ካጨነቆረ፣ ካቀላ፣ ካሻሸ፣ በዚያው ቀን ወደ እኔ። ወደ ጎረቤት አይደለም።”

“እሺ” አልን ሁለታችንም፣ እንደ ተማሪ።

ዕንባቆም ወደ እሷ ዞረ። “ዶክተር፣ ልጄ እንዲህ ዓይነት ሴት ውሻ ሊያመጣልኝ ነበር። እንዲራቡ። ሰው ቡችላውን ይጠይቀኛል፣ ፊቱ የሕፃን ፊት ይመስላል ይላል።”

ለጢፋ መርፌውን አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ተቆጥታ አላየኋትም ነበር። “የሕፃን ፊት! ጋሼ፣ ይህ ፊት ሰው ሠርቶት ነው። እኛ ቆንጆ ነው እንድንል እነሱ መተንፈስ ያቅታቸዋል፣ ዓይናቸውን መክደን ያቅታቸዋል። ያሉትን እንንከባከብ፣ እዳቸው የእኛ ነው። እንዲህ እየተሰቃየ የሚኖር ሌላ ማስወለድ ግን… እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ። ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን የሚያድር ልጅ ቢወለድልዎ ዘበኛ ነው ይሉታል?”

ዕንባቆም የንቁን ራስ ዳሰሰ። “አይሆንም። ለልጄ ዛሬ እደውልለታለሁ” አለ።

ደዶ ሳይኬድ ቀረ። ንቁ ሦስት ሳምንት ቀኝ ዓይኑን ተሰፍቶ ከረመ፤ ጥጉ ላይ በተተወችው ክፍተት በየሁለት ሰዓቱ ጠብታ የምናደርግለት እኔና ዕንባቆም በተራ ነበርን። ክሩ የተፈታ ቀን ለጢፋ ጣቷን ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰች፤ ንቁ በሁለቱም ዓይኖቹ ተከተላት። ቀኙ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ያቺን ጠባሳ እኔ እንደጻፍኳት አውቃለሁ።

በማግሥቱ አርብ ዕንባቆም ማሽኑን በስድስት ሰዓት አቆመ፤ መስኮቶቹን ከፍቶ መጋዘኑን በውሃ አርሶ አስጠረገ። ጸሎት ሳይጀመር ቆሞ ለወገኖቹ እውነቱን ነገራቸው፤ ውሻው ያለቀሰው አሞት እንደነበር፣ እሱም ሳያውቅ ሕመሙን ለሰው እንዳሳየ። ስለ ጠርሙሷ ትንፍሽ አላለም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። እንደገና ሊሸፍነኝ መሆኑ ሲገባኝ ወደ ውስጥ ገባሁ።

“ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ የእናንተ እምነት ተከታይ አይደለሁም፣ ጎረቤታችሁ ነኝ” አልኩ። “ዓይኑን የጎዳው ብናኙ ብቻ አይደለም። ሳልመረምር፣ ሳልጠይቅ፣ የራሴን መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከሰጠሁ በኋላም ይህን ሰው መንገድ ላይ ሰደብኩት። ሐኪሟ ዓይነ ደረቅ ስትል ዕንባቆም ስድብ መስሎት ተቆጥቶ ነበር። ስድቡ የእሱ አልነበረም። የእኔ ነበር።”

አንዲት ሴት “እኔም ለእህቴ ልጅ እንዲሁ ሰጥቻለሁ፣ ነገ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ” አለች ከኋላ። ይህችን ጽሑፌን የሚያነብ ሁሉ ከዚች ሴት ይማር። መሳቢያችሁን ክፈቱ፣ የተረፈውን መድኃኒት አስወግዱ፤ ለታመመ ሰውም ለታመመ እንስሳም የሚያስፈልገው ጠርሙስ ወርዋሪ ሳይሆን አብሮት ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ነው። ብናኙ ከቀነሰ ወዲህ የመጋዘኑ ሠራተኞችም ሳላቸው ቀሏል፤ ዕንባቆም አሁን ያለ አፍ መሸፈኛ ማሽኑ አጠገብ ማንንም አያቆምም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ፣ የንቁን ማለስለሻ ጠብታ ይዤ፣ በተለመደው ድምፄ እየተጣራሁ በዕንባቆም በር ገባሁ። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

“ቀስ ይበሉ ቲቸር” አለኝ በሹክሹክታ። “ንቁ ተኝቷል።”

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ ተከድነዋል።